ማፍረስ ብቻውን ዕድሜ አይሆንም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ላይ ገጥመዋል። ሴል ያረጀ ፕሮቲኑን አፍርሶ መልሶ ይሠራበታል፣ ይህን ሥራ ማፋጠን ከተቻለ ዕድሜ ይረዝማል የሚለው ወሬ ድሬዳዋም ሐረርም ገብቷል። ወሬው ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ከጀርባው እውነተኛ ሳይንስ አለ። ነገር ግን ከላቦራቶሪ ተነሥቶ ማዕድ ቤታችን እስኪደርስ ድረስ መንገድ ላይ ብዙ ነገር አንጠባጥቧል። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ፋርማሲ ቆሜ ሃያ ስድስት ዓመት መድኃኒት ስሰጥ ስለኖርኩ፣ የተንጠባጠበው ነገር ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንዳነበብኩም የያዝኩትን ሁሉ ትቼ መልሱን መጻፍ ጀመርኩ።

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት፣ ግሊቤንክላሚድ ትወስዳለች። ከአራት ወር በፊት የጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ አየች። ‹ሆድ ባዶ ሲሆን ሴል ራሱን ይበላል፣ ቆሻሻውን ይጠርጋል፣ እንዲህ የሚያደርግ ሰው መቶ ዓመት ይኖራል› ይላል። ከዚያን ቀን ወዲህ በቀን አንዴ፣ ማታ ብቻ ነው የምትበላው። ከ56 ኪሎ ወደ 48 ወርዳለች። ባለፈው ሳምንት ቡና ስታፈላ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ጀበናው ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። ‹ሴሌ እየጸዳ ነው› አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ልጇ፣ ከሳቢያን»

መልስ፦ እህቴ፣ በድሬ ወግ አንቺ ልበልሽ። ከሁሉ በፊት ይቺን ስሚኝ፦ ያ ላብና ያ መንቀጥቀጥ የሴል ጽዳት አይደለም፤ የደሟ ስኳር ከሚገባው በታች ወርዶ ነው። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን ጎትጉቶ የደም ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚያስወጣ ኪኒን ነው። ሰውየው በላ አልበላ ኪኒኑ አይጠይቅም፤ ከተዋጠ ሥራውን ይሠራል። በዕድሜ የገፋ ሰው ሰውነት ውስጥ ደግሞ ረዘም ላለ ሰዓት ስለሚቆይ አደጋው ይብሳል። ጀበናው ተሰበረ እንጂ፣ እሷ ከሰሉ ላይ ብትወድቅ ኖሮ ዛሬ የምትጽፊልኝ ሌላ ደብዳቤ ነበር።

ስለዚህ ነገ ሳትይ ወደ ሐኪሟ ይዘሻት ሂጂ። የኪኒኑን ካርቶን ያዢ። «በቀን አንዴ ነው የምትበላው» የሚለውን አንቺው ራስሽ ተናገሪ፤ እናቶቻችን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብለው ነው የሚወጡት። ኪኒኑን በራስሽ አታስቁሚያት፣ መጠኑንም አትቀንሺ፤ ያ የሐኪሙ ሥራ ነው። ላቡና መንቀጥቀጡ ከተመለሰ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጫት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልተሻላት ድገሚላት፣ ሲመለስላት ምግብ ስጫት። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ነገር አታግቢ፣ ባጃጅ ጠርተሽ ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው እንምጣ። እናትሽን «ውሸት ነው» ብትያት አትሰማሽም፤ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። እውነቱን ከነሙሉ አካሉ ንገሪያት።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር፣ እዚሁ ድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ በቶርኖ የሚሠራ። ልጅ ሳለሁ ምሳውን ይዤለት ስሄድ በሩ አጠገብ የተከመረ አሮጌ ነሐስ አይ ነበር። ካቦው ጠመኔ ይዞ በእያንዳንዱ ዕቃ ዙሪያ ይዞራል፣ አገላብጦ ያያል፣ ጣቱን ያስኬድበታል፣ ያለቀለት ላይ የጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ጠመኔ የነካው ዕቃ ተመልሶ ፉርጎ ላይ አይገጠምም፤ ወደ ማቅለጫው ነው የሚሄደው። ቀልጦ ይፈስሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ የአባቴ ቶርኖ ላይ ይወጣል፣ አዲስ ዕቃ ሆኖ ይመለሳል። ፋርማሲ ተምሬ ስለ ሴል ሳነብ ፊቴ ላይ የመጣው ያ ጠመኔ ነው።

ሴልም ጠመኔ አለው። ዩቢኩቲን ይባላል፣ ራሱ ትንሽዬ ፕሮቲን ነው። የተጣመመ፣ የተበላሸ ወይም ጊዜው ያለፈ ፕሮቲን ሲገኝ ዩቢኩቲን እየተቀጣጠለ ይለጠፍበታል። ይህን ምልክት ያገኘ ፕሮቲን ፕሮቲያሶም ወደሚባለው በርሜል መሳይ መፍጫ ይገባል። የበርሜሉ አፍ ጠባብ ነው፤ ፕሮቲኑ ተፈትቶ እንደ ክር እየተሳበ ይገባና ውስጥ ቁርጥራጭ ሆኖ ይወጣል። ጠመኔው ግን አይፈጭም፣ በሩ ላይ ተነቅሎ ለሌላ ሥራ ይመለሳል። ይህን ሥርዓት ያገኙት አሮን ቺካኖቨር፣ አቭራም ኸርሽኮና ኧርዊን ሮዝ በ2004 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙበት።

በዚያ ጠባብ አፍ የማይገባ ትልቅ ነገርም አለ፤ እርስ በርሱ ተጣብቆ የተጓጎለ ፕሮቲን፣ ወይም ያረጀ ሚቶኮንድሪያ፣ የሴሉ ኃይል ማመንጫ። ለእንዲህ ያለው ሴሉ ከረጢት ይሠራለታል። ስስ ሽፋን ከዚህም ከዚያም እያደገ ይከበዋል፣ ይዘጋበታል፣ ከዚያ ሊሶሶም ከሚባለው አሲድ የሞላበት ክፍል ጋር ተገጣጥሞ ይዘቱን ያስረክባል። አሲዱ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ሁሉንም ይበትኑታል። ቤልጅየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1963 ለዚህ ነገር ኦቶፋጂ የሚል ስም አወጣለት፣ በግሪክ «ራስን መብላት» ማለት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ተራ የዳቦ እርሾ ወሰደ፤ ማፍረሻ ኢንዛይም የጎደለውን እርሾ መርጦ አስራበው፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ተመለከተው። ከረጢቶቹ ወደ ውስጥ እየገቡ፣ የሚበትናቸው ግን ጠፍቶ፣ ተከማችተው ታዩት። ከዚያ ተነሥቶ ሥራውን የሚመሩትን ጂኖች አንድ በአንድ ለቀመ። በ2016 ኖቤል የተሸለመው በዚህ ነው። የእናትሽ ቪዲዮ ሥሩ እዚህ ነው፤ የተራበ ሴል ማፍረስ ይጀምራል፣ ይህ እውነት ነው።

ቪዲዮው የዘለለው ግን አባቴን ነው። ነሐሱ ከቀለጠ በኋላ ቶርኖው ላይ የሚወጣበትን ክፍል።

ሰውነታችን በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም የሚሆን ፕሮቲን ያፈርሳል፣ መልሶም ይሠራል። ከምግብ የምናገኘው ግን ስልሳ ሰባ ግራም ቢሆን ነው። የቀረው ከየት ይመጣል? ከፈረሰው። ፕሮቲን ሲፈርስ አሚኖ አሲድ ይሆናል፣ አሚኖ አሲዱ አዲስ ፕሮቲን ይሆናል። ነገር ግን በየዙሩ የሚጎድል፣ ተቃጥሎ በሽንት የሚወጣ አለ፤ ያንን የሚተካው ሳህናችን ነው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን አካል ከየት ይበደራል? ከጡንቻ። እናትሽ ያጣችው 8 ኪሎ ሁሉ ጮማ እንዳይመስልሽ። ከዚያ ውስጥ ጭኗ አለ፣ ክንዷ አለ፣ ከወንበር ስትነሣ የሚደግፋት ጉልበት አለ። በዚያ ዕድሜ የሄደ ጡንቻ እንደ ወጣት ቶሎ አይመለስም። ከሄደ ደግሞ መውደቅ ይመጣል፣ መውደቅ ከመጣ የዳሌ አጥንት ስብራት ይከተላል።

ዕድሜ ማራዘም የሚባለውስ? ምርምሩ ልብ ይነካል፣ እኔ ራሴ ስከታተለው ነው የኖርኩት። በአፈር ውስጥ የምትኖር፣ ዕድሜዋ ሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ የሆነ አንዲት ደቃቅ ትል አለች። በ1993 ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኬንየን የአንድ ጂን ለውጥ የትሏን ዕድሜ እጥፍ እንደሚያደርግ አሳየች። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2003 የኦቶፋጂ ሥራ ከተዘጋባት ያ ትርፍ ዕድሜ እንደማይገኝ ታየ። ፕሮቲያሶሟ የበረታ ትልም ረዘም ላለ ጊዜ ኖራለች። በ2013 ኦቶፋጂን የሚያበረታ አንድ ጂን የተጨመረላቸው አይጦች መካከለኛ ዕድሜያቸው በ17 በመቶ ያህል ረዘመ። በ2018 ደግሞ በቤዝ ሌቪን ይመራ የነበረው የዳላስ ቡድን የኦቶፋጂ ፍሬን የላላላቸውን አይጦች አሳደገ፤ ረዥም ዕድሜ ኖሩ፣ ልባቸውና ኩላሊታቸውም ቶሎ አላረጀም።

እዚህ ላይ ያቆመ ሰው «እንግዲያው ባፈረስን ቁጥር ይበጃል» ይላል። ግን አንድ ሌላ ጥናት አለ፣ ከሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ። በ2017 ጀርመን ውስጥ ያረጁትን ትሎች ወስደው የኦቶፋጂን መጀመሪያ ደረጃ ዘጉባቸው። ዕድሜያቸው ያጥራል ብለሽ ትጠብቂያለሽ፤ እነሱ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ፣ ጡንቻና ነርቫቸውም ተሻለ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ የወርክሾፑን በር አስታወሰኝ። ሲያረጁ ማቅለጫው ይደክማል፣ ከረጢቱ መሞላቱን ግን አያቆምም። ማቅለጫው ሳይነድ ካቦው ጠመኔ ማድረጉን ቢቀጥል፣ አሮጌው ዕቃ መተላለፊያውን ይዘጋል እንጂ ምን ይሆናል? ስለዚህ ጥያቄው ምን ያህል ፈረሰ የሚለው ብቻ አይደለም። ምልክቱ፣ ከረጢቱ፣ አሲዱ፣ መልሶ መሥራቱ፣ አራቱም እኩል መሄድ አለባቸው። ከዚህ አንዱን ብቻ ነጥቆ ለ68 ዓመት እናት መስጠት ግፍ ነው።

ሌላም አለ። አይጥ አንድ ቀን ስትራብ ከክብደቷ አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ትቀንሳለች፤ የሷ አንድ ቀን የእኛ አንድ ቀን አይደለም። «ሳይበሉ በቆዩ በ16ኛው ሰዓት ጽዳቱ ይጀምራል» እየተባለ የሚወራው ቁጥርም ሰው ላይ ተለክቶ የተገኘ አይደለም። በሕይወት ባለ ሰው ጉበትና አንጎል ውስጥ ኦቶፋጂ መጀመሩን የሚያሳይ፣ ክሊኒክ ገብተሽ የምታሠሪው ምርመራ የለም። ምግብ በመቀነስ ዕድሜ የረዘመላቸው እንስሳትም ቢሆኑ፣ ከ1935ቱ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አይጦች ጀምሮ፣ ቪታሚኑና ማዕድኑ ሳይጎድል ካሎሪው ብቻ ተለክቶ የተቀነሰላቸው ናቸው። ሬሰስ በሚባሉ ጦጣዎች ላይ የተደረጉት ሁለት ትልልቅ የአሜሪካ ጥናቶች እንኳ አልተስማሙም፤ የዊስኮንሲኑ ዕድሜ ረዘመ አለ፣ ሌላኛው አልረዘመም አለ።

ለእናትሽ ምን ትስጫት? ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች የሚመከረው ፕሮቲን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው፤ ለእሷ ከ48 እስከ 58 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ገደማ። ጠዋት ፉል ከእንቁላል ጋር፣ ምሳ ላይ ምስር ወይም ሹሮ ወፈር አድርገሽ፣ ማታ ወተት ወይም እርጎ፤ ሦስት ቦታ ከፍለሽ ስጫት እንጂ ማታ አንዴ አታሸክሚያት። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሚ፦ ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊቱ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ኩላሊቷን አይቶ የፕሮቲኑን ልክ ይወስንላት። ፀሐይ ሳትከር ጠዋት እጇን ይዘሽ አንሸራሽሪያት። ከወንበር ተነሥታ እንድትቀመጥ፣ አሥር ጊዜ፣ በየቀኑ። የሚሠራ ጡንቻ ያፈርሳልም ይሠራልም፣ ሁለቱንም።

ጾሙን በተመለከተ፣ ሁዳዴም ይሁን ረመዳን የእምነት ጉዳይ ነው፤ እኔ በዚያ መሀል አልገባም። ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን ያማክር፤ ሁለቱም እምነት ለታመመ መንገድ ትቷል። በእኛ ከተማ ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ በርጫ ላይ ተቀምጦ ምሳን መዝለል። ጫት ረሃብን ይዘጋል እንጂ ጾም አያደርገውም። በድሬ ሙቀት ላይ ውሃ ሳይጠጡ ከዋሉበት ደግሞ ጉዳቱ ድርብ ነው።

ጥያቄ፦ «ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ለአባታችን ራፓማይሲን የሚባል ኪኒን ልኳል። ‹የሴልን ጽዳት ያበራል፣ ዕድሜ ያራዝማል፣ እዚህ ሀብታሞቹ ይወስዱታል› ይላል። አባቴ 71 ዓመቱ ነው። ድሮ ቲቢ ታክሟል። አሁን ለጥፍሩ ፈንገስ ኢትራኮናዞል እየወሰደ ነው። ኪኒኑ እጄ ላይ ነው፣ ልስጠው? ከሐረር፣ ከሸዋ በር አካባቢ»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትስጠው። ምክንያቱን ልንገርህ፤ ለወንድምህም ልታስረዳው ይገባሃል፣ የላከው ከፍቅር ነውና።

የመድኃኒቱ ታሪክ ራሱ ያስደንቃል። በ1964 የካናዳ ጉዞ ቡድን በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ካለችው ራፓ ኑይ ደሴት አፈር ይዞ ተመለሰ። በዚያ አፈር ውስጥ ካለ ባክቴሪያ ሱረን ሴጋልና ባልደረቦቹ አንድ ንጥረ ነገር አወጡ፣ በደሴቷም ስም ራፓማይሲን አሉት። መጀመሪያ የፈለጉት ለፈንገስ ነበር። ኋላ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ሆኖ ተገኘና በ1999 አሜሪካ ውስጥ ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች ተፈቀደ፤ አካላቸው የተተከለውን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳያጠቃው።

በሴል ውስጥ የሚይዘው ኤምቶር የሚባለውን ፕሮቲን ነው። ኤምቶር የጥጋብና የረሃብ ዳኛ ነው በለው። አሚኖ አሲድና ኢንሱሊን ሲኖር «ሥሩ» ይላል፤ ሲጠፋ ዝም ይላል፣ ያኔ ማፍረሱ ይጀምራል። ራፓማይሲን ይህን ዳኛ ዝም ያሰኘዋል። ሴሉ ጠግቦ ሳለ የተራበ ይመስለዋል። በ2009 በሦስት የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች 600 ቀን ለሞላቸው አይጦች ተሰጠ፤ በሰው ሲሰላ ስልሳ ዓመት ገደማ ነው። ከመቶው ዘጠናው የሚሞቱበት ዕድሜ በሴቶቹ በ14፣ በወንዶቹ በ9 በመቶ ገፋ። በእርጅና የተጀመረ መድኃኒት ዕድሜ ሲያራዝም በዚያ መጠን የታየበት ጊዜ አልነበረም። ያን ዜና ባነበብኩ ጊዜ የፋርማሲውን በር ዘግቼ ደግሜ አነበብኩት። ወንድምህ በዚህ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

ሰው ግን ንጹሕ ጎጆ ውስጥ የሚኖር የላቦራቶሪ አይጥ አይደለም። የራፓማይሲን ጉዳቱ የታወቀ ነው፦ የአፍ ቁስል፣ የኮሌስትሮል መውጣት፣ የደም ስኳር መጨመር፣ ቁስል ቶሎ አለመዳን፣ ለኢንፌክሽን መጋለጥ። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ ውጭ አገር ኩላሊት ተተክሎለት የመጣ፣ ይህንኑ መድኃኒት የሚወስድ። የአፉን ቁስል የሚያደነዝዝ ጄል ሊገዛ ሲመጣ መናገር ስለሚከብደው ካርቶኑን ነበር የሚያሳየኝ። ምላሱ ጠርዝ ላይ ምስር የሚያካክል ነጭ ቁስል፣ ሦስት አራት ቦታ። እሱ ኩላሊቱን ሊያድን ነው የታገሠው። አባትህ ምን ሊያድን ይታገሣል?

ቲቢው ደግሞ ዋናው ነው። የታከመ ቲቢም ቢሆን አድብቶ የሚቀር ተሕዋስ ሊኖር ይችላል፤ ጠባቂው የሰውነት መከላከያ ነው። ጠባቂውን የሚያዳክም ኪኒን ቲቢ በሚበዛበት አገር ለ71 ዓመት ሰው በፖስታ አይላክም። ኢትራኮናዞሉም ሌላ ጣጣ ነው። ጉበት ራፓማይሲንን የሚሰብርበትን ኢንዛይም ስለሚያግድ፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከታሰበው በላይ ተከማችቶ ይቀራል። እነዚህን ሁለት አንድ ላይ የሚያዝ ሐኪም ቢኖር የደሙን መጠን እያስለካ ነው፣ እሱም ሌላ መንገድ ካጣ።

በጤነኛ ሰው ላይ ራፓማይሲን ዕድሜ ማራዘሙን ያሳየ ጥናት እስካሁን የለም። አሜሪካ ውስጥ በቤት ውሾች ላይ እየሞከሩት ነው፤ ውሻ ከእኛ ጋር አንድ ቤት፣ አንድ አየር ስለሚጋራ ከአይጡ የተሻለ ይነግረናል። ተስፋዬን አልደብቅህም፤ መከላከያን ሳይነካ ማፍረሻውን ብቻ የሚያነቃ መድኃኒት አንድ ቀን ይገኛል ብዬ አምናለሁ። አልዛይመር በተጓጎለ ፕሮቲን፣ ፓርኪንሰንም እንዲሁ በተጓጎለ ፕሮቲን የሚታወቁ በሽታዎች ናቸው፤ ያንን የሚጠርግ ነገር ቢገኝ፣ ዕድሜ ባይጨምር እንኳ፣ አባት ልጁን ሳይረሳ ይኖራል። ለእኔ ከመቶ ዓመቱ ይልቅ ይህ ይበልጣል። ኪኒኑን ሽንት ቤት አትጣለው፣ ለጎረቤትም አትስጠው፤ በአቅራቢያህ ላለ ፋርማሲ አስረክብና እንዲያስወግዱት አድርግ።

ጥያቄ፦ «ቪቫክስ ወባ ይዞኝ ክሎሮኪን ታዘዘልኝ። ጓደኛዬ ‹ክሎሮኪን ኦቶፋጂን ያቆማል፣ ያስረጅሃል› አለኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ አቆምኩት። ከለገሀሬ»

መልስ፦ ዛሬ ማታ ሳትተኛ ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስና መጠኑን አስጨርስ። ጓደኛህ ያነበበው ነገር በከፊል ትክክል ነው፤ ክሎሮኪን ሊሶሶም ውስጥ ገብቶ አሲዱን ያረክሰዋል፣ ተመራማሪዎችም በላቦራቶሪ ኦቶፋጂን ለማገድ ይጠቀሙበታል። አንዳንድ ካንሰር ይህን ራስን መመገብ ለመትረፊያ ስለሚጠቀምበት፣ የክሎሮኪን ወንድም የሆነውን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከካንሰር መድኃኒት ጋር አብረው የሚሞክሩም አሉ። የወባ ተሕዋሱም የደማችንን ሄሞግሎቢን የሚፈጭበት የራሱ አሲዳም ከረጢት አለው፤ ክሎሮኪን የሚገድለው እዚያ ተከማችቶ ነው። የሦስት ቀን መጠን አያስረጅህም። ዓይን የሚጎዳው ለዓመታት ሲወሰድ ነው። ያልተጨረሰ መድኃኒት ግን ወባውን መልሶ ያመጣብሃል። ፕሪማኪንም ከታዘዘልህ ጉበት ውስጥ ያደፈጠውን የሚገድለው እሱ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ቀን ዋጥ።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነኝ፣ 76 ዓመቴ። ሁለቱም ዓይኖቼ በሞራ ተጋርደዋል። ገበያ ላይ ሞራ ያሟሟል የሚሉት ጠብታ ይሸጣል። ሰውነት አሮጌውን እያፈረሰ የሚያድስ ከሆነ ዓይኔን ለምን አያድሰውም? ከአዲስ ከተማ»

መልስ፦ አባባ፣ ከሁሉ የጠለቀውን ጥያቄ የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት።

የዓይን ሌንስ ጥርት ብሎ ብርሃን ለማሳለፍ ሲል ዋጋ ከፍሏል። የሌንሱ ሴሎች ሲያድጉ በውስጣቸው ያለውን ሁሉ፣ ኒውክለሱንም ሚቶኮንድሪያውንም፣ ራሳቸው አፍርሰው ያስወግዳሉ፤ ብርሃን የሚያደናቅፍ ነገር እንዳይቀር። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ክሪስታሊን የሚባል ፕሮቲን፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረ። ኒውክለስ ከሌለ ትእዛዝ የለም፣ ትእዛዝ ከሌለ አዲስ ፕሮቲን አይሠራም። በሌንስዎ መካከል ያለው ክሪስታሊን ከእናትዎ ማሕፀን ውስጥ ሳሉ የተሠራው ያው ነው። ሰባ ስድስት ዓመት አልተቀየረም። ፀሐዩ፣ ዕድሜው፣ ስኳርም ካለ ስኳሩ፣ ቀስ በቀስ ያጣምሙታል፤ ይጓጎላል፣ እንደ እንቁላል ነጭ ይደፈርሳል። ሞራ የሚባለው ይህ ነው። ጠመኔ የሚያደርግ ካቦም፣ ማቅለጫም የሌለበት ክፍል ነው ቢባል አልተጋነነም።

ስለዚህ ጠብታው አያሟሟውም፤ ሞራን አሟሙቶ ያዳነ ጠብታ የለም። ገንዘብዎን አያባክኑ። የሚያድነው ቀዶ ጥገና ነው። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በምትኩ የፕላስቲክ ሌንስ ይገባል፣ ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው ነው የሚሠሩት። ሞራ በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ሆኖ የቀረው መድኃኒት ስለሌለው አይደለም፣ ሰው ሳይታከም ስለሚቆይ ነው። አባቴም በ74 ዓመቱ ተሠርቶለታል። ፈርቶ ሁለት ዓመት አቆይቶት ነበር። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣለት ከአልጋው ሳይነሣ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ቁጥር በቁጥር አነበበ፣ ከዚያ የራሱን እጅ አገላብጦ ብዙ ጊዜ አየ፤ አርባ ዓመት ቶርኖ የያዘበትን እጅ።

ከመሄድዎ በፊት የደም ስኳርዎንና የደም ግፊትዎን ያስለኩ፤ ከፍ ካለ መጀመሪያ ያንን ያስተካክሉታል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በላስቲክ አድርገው ይያዙ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አብሮዎት ይሂድ፣ ሲመለሱ አንድ ዓይንዎ ይሸፈናል። ለሳምንታት ጠብታ ይሰጥዎታል፣ ያኛውን ግን በሰዓቱ ያድርጉ፤ ዓይንዎን አይሹት፣ ከባድ ዕቃ አያንሡ። ሁለተኛውን ዓይን የመጀመሪያው ከዳነ በኋላ ይሠሩልዎታል።